ለመጽሐፍ የሚተርፍ ጊዜ

መጽሐፍ ይወዱ እንደሆነ የተጠየቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «አዎን፣ እወዳለሁ» ብለው ይመልሳሉ። በቅርቡ አንብበው የጨረሱት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ጥቂት ያስባሉ፤ ከዚያም «ምን ላድርግ፣ ጊዜ የለኝም» ይላሉ። ይህ መልስ ከተማሪም፣ ከመምህርም፣ ከነጋዴም፣ ከቢሮ ሠራተኛም አፍ ይሰማል። መልሱ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ሰዎቹ መጽሐፍ መውደዳቸው እውነት ነው፤ ጊዜ ማጣታቸውም እውነት ነው። በዚህ ምንባብ የሚብራራው እነዚህ ሁለት እውነቶች በአንድ ሰው ኑሮ ውስጥ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደቻሉና መጽሐፍ ወዳዱ ሰው ጊዜውን ከየት ሊያገኘው እንደሚችል ነው። ማንበብ ስለማይወድ ሰው የሚነገር ነገር በዚህ ውስጥ የለም፤ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ንባብ ስንል የትኛውን ንባብ ማለታችን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ተማሪ ቀኑን ሙሉ ያነባል። የታሪክ፣ የሥነ ሕይወትና የጂኦግራፊ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ማስታወሻውን ይከልሳል፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ይሠራል። ይህ ለፈተና የሚደረግ ንባብ ነው። ሌላው ንባብ ማንም ሳያዝዝ፣ ማንም ሳይፈትን፣ ለልብ ደስታ ሲባል ብቻ የሚደረገው ነው። ይህንን በቋንቋችን «የትርፍ ጊዜ ንባብ» እንለዋለን። የችግሩን ምንጭ ስያሜው ራሱ ያመለክታል። ትርፍ ማለት ከሌላው ሁሉ ተርፎ የሚቀር ነው። ስለሆነም ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ በሚተርፈው ጊዜ እናነባለን ብለን እንጠብቃለን፤ ሥራ ግን አያልቅም። ይኸው ቃል በነጋዴ ዘንድ ሌላ ትርጉም እንዳለው ልብ ማለት ይገባል። ነጋዴ ትርፉን አስቀድሞ ያስባል፤ በዕቃው ዋጋ ውስጥም ያስገባዋል እንጂ በቀኑ መጨረሻ ምናልባት ተርፎ ይገኝ እንደሆነ ብሎ አይጠብቅም።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ለመረዳት በገጠር የሚኖር የአንድ ተማሪን ቀን እንመልከት። በብዙ ቦታ ትምህርት በፈረቃ ስለሚሰጥ ተማሪው በትምህርት ቤት የሚቆየው ግማሽ ቀን ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው የቀረው ግማሽ ቀን ነጻ ይመስለዋል። ነገር ግን ተማሪው ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በእግሩ ይጓዛል፤ ያንኑ ያህል ይመለሳል። ቤቱ ሲደርስ ከብት መመለስና እንጨት መልቀም፣ በመኸር ጊዜም አጨዳና ውቂያ ይጠብቁታል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሸክሙ ይበዛል። ውሃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት፣ እንጀራ መጋገር፣ ታናናሾችን ማጠብ የእርሷ ድርሻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ እርሷ ጓዳ ትገባለች። በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በአንድ ክፍልም የሚማሩ ወንድምና እኅት እኩል ጊዜ የላቸውም። ስለ ንባብ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ይህንን ሳያነሡ «ጊዜን በአግባቡ መጠቀም» የሚል ምክር ሲሰጡ ይታያል። ምክሩ ወንድሟን ይጠቅመው ይሆናል። ለእርሷ ግን ከምክሩ ይልቅ ጀሪካኑን የሚያነሣላት ወንድም ይሻላታል።

ሲመሽም ችግሩ አያበቃም። ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቤት በኩራዝ ብርሃን ማንበብ ዐይንን ያቃጥላል፤ ጋዙም በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ከጥናት አልፎ ለልብ ወለድ ሲነድ ዝም ብሎ የሚያይ አባት ብዙ አይደለም። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ መብራቶች በየገጠሩ ከገቡ ወዲህ ይህ ችግር በብዙ ቤቶች ተቃሏል።

የከተማ ተማሪ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ አይሄድ ይሆናል፤ የታክሲ ወረፋ ግን አለበት፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት አለበት፤ ከሁሉም በላይ የእጅ ስልክ አለው። ስልክ ጊዜ የሚወስደው በአንድ ጊዜ በብዛት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ወዲያው ይነቃ ነበር። የሚወስደው ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ታክሲ ሲጠበቅ አምስት ደቂቃ፣ ምሳ እስኪቀርብ አምስት ደቂቃ፣ ከመተኛት በፊት «አንድ ነገር ብቻ ልይ» ተብሎ የሚጀመር ግማሽ ሰዓት። እነዚህ ቁርጥራጭ ጊዜዎች ቀድሞ ባለቤት አልነበራቸውም። የሚያነብ ሰው ያነብባቸው፣ የሚያስብ ሰው ያስብባቸው ነበር። ስልክ ይጮኻል፤ ያበራል፤ ማን መልእክት እንደላከ ይናገራል። መጽሐፍ ግን በተቀመጠበት ዝም ብሎ ይጠብቃል። እርሱን የሚያስታውስ ከሌለ ዓመትም ሆነ ሁለት ዓመት ያለ አንድ ቅሬታ ይቀመጣል።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነገር መሰናክል አለ፤ ይኸውም ኀፍረት ነው። በየቤቱ «ተነሣ እንጂ፣ ምን ሥራ ፈትተህ ተቀምጠሃል?» የሚለው ጥያቄ የሚሰነዘረው ልብ ወለድ በያዘ ልጅ ላይ ነው። የትምህርት መጽሐፍ ከሆነ ማንም አይናገረውም። ከዚህም የተነሣ ልብ ወለዱን በሰፊ ደብተር ሸፍኖ የሚያነብ ተማሪ በየክፍሉ ይገኛል። እናቶችን መውቀስ አይገባም፤ ልጃቸው ተምሮ ከእነርሱ የተሻለ እንዲኖር ይሻሉና። ይሁንና ልጁ አድጎ የራሱ ቤት ጌታ ከሆነ በኋላም ያ የእናቱ ድምፅ ከጆሮው አይጠፋም። ለደስታው መጽሐፍ ከፍቶ ሲቀመጥ ያልሠራው ሥራ ሁሉ ይታወሰዋል፤ ሁለት ገጽ ሳያነብም ይነሣል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከችግሩ ውጭ ቆሜ አይደለም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ በአንዲት የወረዳ ከተማ ስመደብ ከልብስ ሻንጣዬ ይልቅ የመጽሐፍ ካርቶኔ ይከብድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቸኛ ስለነበርኩ ማታ ማታ የማነብበት ጊዜ አላጣሁም። ከዚያ ወዲህ ትዳር መጣ፤ ልጆች መጡ፤ የማታ ተማሪዎችን ማስተማርም ተጨመረ። የማስተምራቸው አራት ክፍሎች ናቸው። በየክፍሉ 60 ያህል ተማሪዎች ስላሉ ድርሰት ባጻፍኩ ቁጥር 240 ደብተሮች በየተራ ወደ ቤቴ ይመጣሉ። ካርቶኑ አልጋ ሥር ገባ። እኔም በየዓመቱ «ክረምት ሲመጣ አነባለሁ» እያልኩ ስምንት ክረምት አሳለፍኩ።

አንድ ቀን ስለ ንባብ ጥቅም አስተምሬ ከክፍል ስወጣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አሁን የትኛውን መጽሐፍ እያነበቡ ነው?» አለችኝ። እውነተኛው መልስ «ምንም» የሚል ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ ያነበብኩትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጠራሁላት፤ «እንደ ገና እያነበብኩት ነው» ብዬም ጨመርኩ። የሐዲስ አለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው በዚሁ ያበቃል ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን መጽሐፉን ከአጎቷ ተውሳ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨረሰችው። አንድ ጧት መጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ የት ደረሱ?» ብላ ጠየቀችኝ። የደረስኩበት ገጽ አልነበረም። ዝም ስል ጊዜ ልትረዳኝ ፈልጋ ስለ አበጀ በለው ምን እንደማስብ ጠየቀችኝ። ስሙን ሰማሁት እንጂ ማን እንደሆነ ሊታወሰኝ አልቻለም። «የገበሬዎቹ መሪ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች እንዳይሰሙ። ካሳፈረኝ ሁሉ የበለጠ ያሳፈረኝ ይህ ድምፅ ዝቅ ማድረጓ ነው።

ነገሩን ለመሸፈን «ለመሆኑ አንቺ ይህን ያህል ጊዜ ከየት አገኘሽ?» አልኳት። «ከቦኖው» አለችኝ። በሠፈራቸው የውሃ ወረፋ አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስጠብቃል። ጀሪካኖቿን በመስመር አስይዛ፣ በአንዱ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ጀሪካኑን በእግሯ ትገፋዋለች። ማታ ሥራ ሲቀልላት ጥቂት ገጽ ትጨምራለች። «አጎቴ ደግሞ በሦስት ሳምንት መልሺ፣ ሌላ ሰው ቃል ገብቼለታለሁ ብሎኛል» አለችኝ። ከዚህ መልሷ ሁለት ቁም ነገሮች ተምሬያለሁ፤ ሁለቱንም በየተራ ማብራራት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው መጽሐፉ የሚመለስበት ቀን መኖሩ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች መጽሐፍ በየመንገዱ ዳር ይከራይ እንደነበረ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱ ይሆናል። ተማሪው መታወቂያውን ወይም መያዣ ገንዘብ አስይዞ አንድ ልብ ወለድ በቀን ጥቂት ሳንቲም ይከራያል። መጽሐፉ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል። ስለዚህ ከአራት መቶ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ያልቅ ነበር። ሳንቲሙ የቸገራቸው ጓደኛሞች ደግሞ አዋጥተው ይከራዩና አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ ይሰሙታል፤ ሲደክመው ተረኛው ይቀበለዋል። እነዚያ ወጣቶች ከዛሬዎቹ ይልቅ ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ውሃም ይቀዱ፣ ይላላኩም፣ ፈተናም ይፈተኑ ነበር። ጊዜ የሰጣቸው የነገው ኪራይ ነው። በአንጻሩ መጽሐፍ ገዝቶ በመደርደሪያው ላይ የደረደረ ሰው «የራሴ ነው፣ የትም አይሄድብኝ» ብሎ ያስባል። እውነቱን ነው፤ የትም አይሄድም። የእኔም ካርቶን ስምንት ዓመት የትም አልሄደም። መጽሐፍ ባለቤት መሆንና መጽሐፍ አንባቢ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም አንደኛው ሁለተኛውን ያስተኛዋል።

በዚህ ምክንያት መጽሐፍ የሚያውሱ ቦታዎች መጽሐፍ ከማቅረብ ሌላ ቀነ ገደብም ያቀርባሉ ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውስ በካርዱ ላይ የመመለሻውን ቀን ይጽፋል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰዎች «ወመዘክር» የሚሉት፣ እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢው ወንበርና ጸጥታ ይሰጣሉ። ሁለቱም በዋና ከተማው ስለሚገኙ የወረዳ ተማሪ ሊጠቀምባቸው አይችልም። የወረዳው ተማሪ ግን አጎት አለው፤ ጓደኛ አለው። አምስት ጓደኛሞች አምስት መጽሐፍ ቢኖራቸውና መመለሻውን ቀን ቆርጠው ቢለዋወጡ የኪራዩ ዘመን ያለ ሳንቲም ይመለሳል።

ሁለተኛው ቁም ነገር መጠኑን ማሳነስ ነው። ጥቂት በጥቂቱ ማንበብ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት ያሉት ሲሆን ዐሥር ዐሥሩ «ንጉሥ» እየተባለ ይከፈላል። ዳዊት የሚደግሙ አባቶች መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር ከትተው፣ በትከሻቸው አንግተው መንገድ ይሄዱ ነበር። ከዛፍ ጥላ ሥር ባረፉ ጊዜ የዕለት ድርሻቸውን ያደርሳሉ። ስንክሳርም ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበብ ክፍል አለው። ቁርአን ደግሞ በ30 ጁዝ የተከፈለ በመሆኑ በረመዳን ወር በየቀኑ አንድ ጁዝ እያነበቡ የሚያጠናቅቁት ብዙዎች ናቸው። እነዚህ አንባቢዎች ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዳኞች ነበሩ እንጂ ሥራ የሌላቸው አልነበሩም። ንባባቸው ለጸሎት ነው፤ የእኛ ለደስታ ነው፤ በዚህ ይለያያል። የአከፋፈሉ ዘዴ ግን ለማንኛውም ወፍራም መጽሐፍ ይሠራል።

ዘዴው የሚያስገኘውን ውጤት በሒሳብ ማየት ይቻላል። ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ዐሥር ደቂቃ አንብቡና ገጾቹን ቁጠሩ። እኔ ስለካው በዐሥር ደቂቃ አምስት ገጽ ያህል አነባለሁ። በቀን አምስት ገጽ ማለት በዓመት 1,825 ገጽ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ስለዚህ እርሱን የሚያህሉ ሦስት መጻሕፍት በዓመት ያልቃሉ ማለት ነው። በፈተና ሰሞን ልብ ወለድ ይቀመጥ ብንል፣ የመኸሩን ሥራና የታመምንበትን ቀን ሁሉ ብንቀንስ፣ የሚነበብባቸው ቀኖች 250 ብቻ ቢሆኑ እንኳ 1,250 ገጽ ይሆናል። ይህም ከሁለት ወፍራም መጻሕፍት በላይ ነው። ባለፉት ስምንት ዓመታት ስንት መጽሐፍ ሊያመልጠኝ እንደቻለ አስሌዋለሁ፤ ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም።

ዐሥሩ ደቂቃ ግን በቀኑ ውስጥ የታወቀ ቦታ ያስፈልገዋል። «ስመቸኝ አነባለሁ» የሚል ሰው አይመቸውም። ሁልጊዜ ከሚደረግ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ለምሳሌ ቡናው እስኪፈላ፣ ወይም የታክሲ ወረፋ ሲያዝ፣ ወይም መብራት ከማጥፋት በፊት። ለዚህም መጽሐፉ እጅ አጠገብ መገኘት አለበት። አልጋ ሥር ያለ መጽሐፍ ቡና ሲፈላ አይነበብም። ስልኩ ያለው ተማሪም ጠላቱን ወዳጅ ማድረግ ይችላል። መጽሐፍ በስልክ ማንበብም ሆነ መስማት የሚቻልበት ዘመን ነው። መስማት ንባብ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርክላቸው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቁ፣ ጉዱ ካሳን የወደዱ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። እጃቸው እንጨት እየፈለጠ ወይም ሽሮ እያማሰለ ጆሯቸው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ውሃ እየቀዳች ማንበብ የማትችል ልጅ እየሰማች መቅዳት ትችላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ ደስ ካላለ ሊተው ይችላል። በትምህርት ቤት የጀመሩትን ሁሉ መጨረስ ስለለመድን ያልጣመንን መጽሐፍ ወር ሙሉ እንጎትታለን፤ እርሱን ሳንጨርስ ሌላ መጀመርም እንደ ጥፋት እንቆጥረዋለን። በዚህ መካከል ንባቡ ራሱ ይቆማል። በካርቶኔ ውስጥ የነበረው ዕልባት ያለበት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው። ዕልባቱ፣ አንድ ያረጀ የፈተና ወረቀት፣ 43ኛው ገጽ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ በሩን ዘግቶ የቆመብኝ ይኸው አንድ መጽሐፍ ነው። ለሚፈልገው ሰጥቼዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን እንደ ገና ጀምሬ ጨርሼዋለሁ። ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ከተማሪዬ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሐዲስ አለማየሁ ራሳቸው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው እንደነበሩ ሳስብ ስለ 240ው ደብተር ማጉረምረሜን ጥቂት ቀንሻለሁ። አበጀ በለው ዘንድ ስደርስ ለልጅቷ ነገርኳት፤ በመጀመሪያ ዋሽቻት እንደነበረም ነገርኳት። «አውቄ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ እንለዋወጣለን። እርሷ ከቦኖው ወረፋ፣ እኔ ከእራት በኋላ ነን። ባለፈው ሰኞ ያመጣችልኝን ሳትሰጠኝ በፊት ከላዩ ላይ በእርሳስ «እስከ ዐርብ» ብላ ጽፋበታለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብተሮቹ በጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል፤ የቀሩኝም ሠላሳ ሰባት ገጾች ናቸው።